ዩኒፎርሜን አላወልቅም ካለችው ልጄ ጋር ወደ እንጦጦ

ወሰን፣ ማክሰኞ ጠዋት

ተሳቢ ያለው ከባድ መኪና ነው የምነዳው። ጅቡቲ ወርጄ፣ ጭኜ፣ አዲስ አበባ አራግፌ እንደገና እወርዳለሁ። ቤቴ ስደርስ አብዛኛውን ጊዜ ልጆቼ ተኝተዋል፣ ስወጣ ደግሞ ገና አልነቁም። ቅዳሜና እሑድ የሚያገኘኝ ሚሌ ወይም ጋላፊ ላይ ነው። በቀደም ግን የመኪናዬ ፍሬን አስቸገረና እዚሁ ወሰን ሰፈር፣ ከቤታችን ጀርባ ያለ ጋራዥ አስገባሁት። ሜካኒኩ ከሥሩ ሳይወጣ፣ «ከሐሙስ በፊት እንዳታስበው» አለኝ። በሕይወቴ እንደዚህ ደስ ያለኝ ብልሽት የለም።

ልጆቼ ሁለት ናቸው። ናቲ አንደኛ ክፍል ነው፤ ቤት ስገባ ትከሻዬ ላይ ይወጣና ሲወርድ ኪሴን ፈትሾ ነው። ሜሮን አራተኛ ክፍል ናት፣ የክፍሏም አለቃ ናት። እሷ ከበር ትቀበለኝና «አባዬ፣ ደህና ገቡ? ሻይ ይጨመርልዎ?» ትለኛለች። እናቷን «አንቺ» ነው የምትላት። በሰፈሩ ውስጥ ልጁ «እርስዎ» የሚለው አባት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ሰው ሲሰማ «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት» ይላል። እኔን ግን በሰው ቤት በእንግድነት የተቀመጥኩ ይመስለኛል።

ስለዚህ ማክሰኞን ለልጆቼ ላደርገው ቆረጥኩ። ችግሩ ማክሰኞ የትምህርት ቤቱ ነው። ሰኞ ከሰዓት ሄጄ ምክትል ርዕሰ መምህሩን አስፈቀድኩ።

«ፈቃድ የምንሰጠው ለሕመም ወይም ለሐዘን ነው» አሉኝ።

«የታመመም የሞተም የለብንም። እኔ ቤት ስላለሁ ነው።»

ትንሽ አሰቡና «እሱ አልተካተተም» አሉ፣ በትሕትና።

አንድ አጎት ገድዬ መሄድ እችል ነበር፤ ግን አጎቶቼ ሁሉ ደግ ሰዎች ናቸው፣ የማንኛቸውንም ሞት ለመናገር አንደበቴ አልታዘዝ አለኝ። «እንግዲያው ነገ አይመጡም» ብዬ ወጣሁ። ባለቤቴ ትዕግሥት መገናኛ ልብስ ቤት ነው የምትሠራው። ማታ ስነግራት ሳቀችና፣ «ርዕሰ መምህሩ ቀላል ነው፤ ሜሮንን አሳምናት» አለች።

ጠዋት ሜሮን ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ካልሲዋን እስከ ጉልበቷ ስባ፣ ቦርሳዋን አዝላ በር ላይ ቆማለች።

«ዛሬ እኮ እንጦጦ ነን» አልኳት።

«ዛሬ ማክሰኞ ነው፣ አባዬ።»

«ማክሰኞም ቢሆን።»

«ድንገት ፈተና ቢሰጡስ? እርስዎ ይፈተኑልኛል?»

ከብዙ ድርድር በኋላ ቦርሳውን አስቀመጠች። ዩኒፎርሙን ግን እምቢ አለች። ናቲ በበኩሉ የመኝታ ቤት ሸበጡን አድርጎ ደጅ ወጥቶ ነበር፤ ሐሳባችንን እንዳንቀይር ፈርቶ ነው።

ከመገናኛ ወደ አራት ኪሎ

ከወሰን መገናኛ ድረስ ማንም ምንም አላለንም፤ ሰዓቱ የተማሪ ስለሆነ ሜሮንን ትምህርት ቤት የማደርሳት መስሏቸው ይሆናል። ከመገናኛ አራት ኪሎ በያዝነው ታክሲ ግን ሰዓቱ አልፎ ነበር። ቀበና ድልድዩ ላይ መንገዱ ተዘጋና ቆምን። አጠገባችን ጎመን የያዙ እናት ሜሮንን ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

«ልጄ፣ ትምህርት ቤት አልረፈደብሽም?»

«አልሄድም፣ እማማ። ቀርቻለሁ።»

«ውይ። ማን ሞተባችሁ?»

«ማንም አልሞተም።»

«አሞሽ ነው?»

«ደህና ነኝ። አባቴ ናቸው ያስቀሩኝ። እንጦጦ ሊወስዱን ነው።»

«አባቴ ናቸው» ስትል በጣቷ ጠቆመችኝ። መላው ታክሲ ዞሮ አየኝ። ሾፌሩ ሬዲዮኑን ቀነሰ። ሾፌር ለሾፌር እንኳ አያዝንም።

ረዳቱ በሩ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ «ፋዘር፣ ቅዳሜ የለም እንዴ?» አለ።

ሥራዬን አስረዳሁ። ግማሹ ታክሲ አዘነልኝ፣ ግማሹ ግን «ትምህርት በዚህ ዘመን በቀልድ አይያዝም» አለ። ከኋላ ወንበር ክራባት ያሰረ ወጣት፣ «እኔ ከአንደኛ ክፍል እስከ ዩኒቨርሲቲ አንድ ቀን ቀርቼ አላውቅም» ብሎ ተነሣ።

ሜሮን ዞራ በአክብሮት አየችው። ደጋፊ ያገኘች መሰላት።

«ይኸው ዛሬ ታክሲ ተጋፍቼ ሥራ ፍለጋ እየሄድኩ ነው» አለ ልጁ። «ውሰዳቸው፣ ወንድሜ።»

ታክሲው በሙሉ ሳቀ። ሜሮን ብቻ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እናትየዋ አራት ኪሎ ሲወርዱ ትከሻዬን ነክተው ፍርዳቸውን ሰጡኝ። «አስቀራት፣ ግዴለም። ግን ዩኒፎርሙን እንዳታቆሽሽባት፤ የምታጥበው አንተ አይደለህም።»

ከፈረንሳይ ወደ ላይ

ከአራት ኪሎ ወደ ፈረንሳይ ሰፈር በሌላ ታክሲ ሄድን። እዚያ ዳቦ፣ ሙዝና አንድ ጥቅል ቆሎ ገዛንና በእግር ሽቅብ ተያያዝነው። የመጨረሻዎቹ ቤቶች ካለቁ በኋላ ባሕር ዛፉ ይጀምራል። መንገዱ ቀይ አፈር ነው፤ የወደቀው ቅጠል ከላይ ስላለ ያንሸራትታል። አየሩ ደረት የሚያጸዳ የቅጠል ሽታ አለው።

እኔ ዕድሜዬን በመሪ ላይ ተቀምጬ የኖርኩ ሰው ነኝ። ብዙም ሳልሄድ ጉልበቴ «ማርሽ ቀይር» አለኝ፤ የምቀይረው ማርሽ ግን የለም። ናቲ እየሮጠ ይወጣል፣ ተመልሶ ይወርድና «አባዬ፣ ሞትክ?» ይለኛል። ሜሮን ከኋላዬ በሥነ ሥርዓት ትራመዳለች። በየመሀሉ ስለ ሌላ ዓለም ታስታውሰናለች።

«አሁን አማርኛ ነው» ትላለች። ቆይታ ደግሞ፣ «አሁን ዕረፍት ወጥተዋል።»

ግራና ቀኙ ገለጥ ያለ ቦታ ስንደርስ ተቀመጥን። ከተማው ከሥራችን ተዘርግቷል፤ ሕንፃው፣ ቆርቆሮው፣ የኮንስትራክሽን ክሬኑ። ናቲ ቤታችንን አየሁት ብሎ የሌላ ሰው ጣራ አሳየን። ሜሮን በምሥራቅ በኩል ወደ ኮተቤ አቅጣጫ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ፈለገች። ትምህርት ቤቷን ነበር። እኔ ልጄን እዚህ ድረስ አምጥቻት ልቧ ገና ክፍል ውስጥ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ጊዜ መምጣታችን ቆጨኝ። «ከፈለግሽ እንመለስ» ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ናቲ «ፈረስ!» ባይል ኖሮ እል ነበር።

ጋራው ጫፍ ላይ

ከላይ፣ ጥርጊያው መንገድ ዳር፣ ጋሽ ቱሉ የሚባሉ ጋቢ የደረቡ ሰው አንድ ዳማ ፈረስ ይዘው ቆመዋል። ኮርቻው በቀይ ክር ያጌጠ ነው። አንድ ዙር ሁለት መቶ ብር አሉ፤ ተከራክሬ መቶ ሃምሳ አደረስኳቸው። ናቲ ፈረሱን ከቅርብ ሲያይ ግን ድፍረቱ ጠፋ።

«መጀመሪያ አንተ ውጣ» አለኝ።

«አትፍራ» አልኩት። «አባትህ እኮ ስንት ቶን ጭኖ ቁልቁለት የሚወርድ ሰው ነው።»

እንዲህ ያለውን ነገር ጮክ ብሎ መናገር ጥሩ አይደለም። ወጣሁ። ጋሽ ቱሉ ልጓሙን እየሳቡ ጥቂት ወሰዱኝ። እስከዚያ ድረስ ክብሬ እንደተጠበቀ ነበር። ከዚያ ስልካቸው ጠራና «ሀሎ» ለማለት ልጓሙን ለእኔ አቀበሉኝ።

ፈረሱ ጆሮውን አቆመ። ወደ እሳቸው ዞሮ አየ፣ ወደ እኔም ያየኝ ይመስለኛል። ከዚያ ከመንገዱ ወጥቶ በጋራው ማዶ፣ በሱሉልታ በኩል ቁልቁል ያዘ። መጀመሪያ ሶምሶማ፣ ቀጥሎ ግልቢያ። በእግሬ ፍሬን ፈለግሁ፤ በእውነት ፈለግሁ፣ ቀኝ እግሬ አየሩን እየረገጠ። አንገቱን አቅፌ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ እየጮህኩ አቀላቀልኩት።

ከኋላዬ ጋሽ ቱሉ በኦሮምኛ ይጮኻሉ። ከእሳቸው ቀድሞ ግን አንድ ቀጭን ድምፅ ደረሰኝ።

«አባዬ! ጎንበስ በል! ልጓሙን ሳበው! አትልቀቀው! አባዬ፣ አንተ፣ ሳበው እንጂ!»

ያን ሰዓት ማሰብ ያለብኝ ስለ አጥንቴ ነበር። እኔ ግን ያሰብኩት «አንተ አለችኝ» ብዬ ነው።

ከጋራው ማዶ

ፈረሱ የቆመው ራሱ በፈለገበት ቦታ፣ አንድ ግቢ ውስጥ፣ የገብስ ገለባ የሞላ ገንዳ ፊት ነው። ሙቀጫ አጠገብ የነበሩ ሴት ቀና ብለው አዩኝ። የጋሽ ቱሉ ባለቤት ወይዘሮ ጫልቱ ናቸው።

«ዛሬም እንግዳ አመጣ» አሉና ሥራቸውን ቀጠሉ።

ለካ ፈረሱ የምሳ ሰዓቱን ያውቃል። ከላይ ማን ይቀመጥ ማን ግድ የለውም። እኔ ገና ከአንገቱ ላይ ሳልላቀቅ ሜሮን ደረሰች። አንዱ ካልሲዋ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ወርዷል፣ ቀሚሷ እስከ ወገቧ ጭቃ ነው፣ ፀጉሯ ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተሰክቷል። አየችኝ። እጄ ፈረሱን እንዳቀፈ ነው። መጀመሪያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ የምታለቅስ መስሎኝ ደነገጥኩ። ሳቅ ነበር። መሬት ላይ ተቀምጣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ልጄ ስትስቅ እንደምታንኮራፋ በዚያ ቀን ነው ያወቅሁት። ናቲ በጋሽ ቱሉ ትከሻ ላይ ተጭኖ መጣና ምክንያቱን ሳይጠይቅ አብሮ ሳቀ።

ወይዘሮ ጫልቱ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ፣ በትልቅ ጣሳ ደግሞ እርጎ አቀረቡልን። ጋሽ ቱሉ መቶ ሃምሳውን አልቀበልም ብለው ተከራከሩ፤ «ዙሩ አላለቀም» ነው ምክንያታቸው። በግድ ሰጠኋቸው። ናቲ መጨረሻ ላይ ፈረሱ ላይ ወጣ፤ ፈረሱ እየበላ ስለነበር ከቦታው አልተንቀሳቀሰም፣ ናቲም የፈለገው እንደዚያ ዓይነቱን ነው።

ስንወጣ ደመና ከበደ። ጋሽ ቱሉ ድንች የጫነ አይሱዙ አስቆሙልን፣ ጋቢናው ሞልቶ ስለነበር ከላይ ጆንያው ላይ ተቀመጥን። ዝናብ መጣና ሾፌሩ ሸራ ወረወረልን። እኔ ሰው ጭነት ላይ አልጭንም ብዬ የምኮራ ሰው፣ በሸራ ሥር ከድንች ጋር እየተንገጫገጭኩ በሽሮ ሜዳ በኩል ወደ ከተማ ገባሁ። ናቲ ጭኔ ላይ ተኛ። ሜሮን አጠገቤ ተጠግታ ተቀምጣለች።

«ሜሪዬ» አልኳት። «ለምንድነው እርስዎ ስትይኝ የነበረው?»

«እማዬ ናት። የማታውቂውን ትልቅ ሰው እርስዎ በይ ብላኛለች።»

ሸራው ላይ ዝናቡ ይወርዳል።

«አሁንስ?»

አሰበችበት። «ፈረሱ ላይ ሆነህ ስትጮህ ሰማሁህ» አለች። «ከዚያ በኋላ እርስዎ ማለት ይከብዳል።»

ቤት

ትዕግሥት ከሥራ ስትመለስ ሦስታችንም በር ላይ ተሰልፈን ጫማችንን እያወለቅን ነበር። ዩኒፎርሙን አየችው። ከዚያ ልጅቷን አየቻት። ሜሮን ታሪኩን ከመሀሉ ጀምራ ነበር፣ እጆቿን እንደ ልጓም ይዛ። ትዕግሥት ሳፋ አምጥታ ሳሙናውን ለእኔ ሰጠችኝ። አጠብኩት። የእንጦጦ ቀይ አፈር በቀላሉ እንደማይለቅ ጉዞው ካስተማረኝ ነገር አንዱ ነው።

ራት ከበላን በኋላ ሜሮን የእናቷን ስልክ ተቀብላ የክፍል ጓደኛዋ ጋ ደወለች፤ የቤት ሥራ ለመጠየቅ። ጥግ ይዛ ስታወራ ሰማኋት። «አይ፣ አላመመኝም። አይ፣ ማንም አልሞተም። አባቴ ቤት ነው።» ምክትል ርዕሰ መምህሩ አልተካተተም ያሉትን ምክንያት፣ ልጄ እንዲህ በቀላሉ ለጓደኛዋ ነገረቻት። ቀጥላም ፈረሱን ታወራላት ጀመር፤ በእሷ አነጋገር እኔ ሱሉልታን አልፌ ነበር።

ሰው ልጁን በዘፈቀደ ከትምህርት ያስቀር ብዬ አልመክርም። ልጅ የቀረበት ቀን የትም አይሄድም፤ ማታ ደብተር ይዞ ይመጣል። እኔ የተማርኩት፣ ቀኑን የወሰደ ሰው ማታም አብሮ መቀመጥ እንዳለበት ነው።

ምክንያቱም ሜሮን ስልኩን ዘግታ የሒሳብ ደብተሯን ፊቴ ዘረጋች።

«ክፍልፋይ ትችላለህ?»

«ድሮ እችል ነበር።»

«ያስቀረኸኝ አንተ ነህ። ተቀመጥ።»

ተቀመጥኩ። የመጀመሪያውን ጥያቄ ሠራሁና ገፋ አደረግሁላት። እርሳሷን ጆሮዋ ላይ ሰክታ እንደ መምህር አነበበችው፣ ራሷን ነቀነቀች፣ በላጲስ አጠፋችው።

«ታቹን ረሳኸው። ድገመው» አለችኝ።

ደገምኩት።