የተገለበጠው መቀመጫ

«ፓምፑ ሞቷል አልኩሽ እኮ። ምን ያለፋሻል?» አለ መካኒኩ፣ የአዳራሹን በር ተደግፎ ሰዓቱን እያየ። የቀለም ቀቢዋ ሟች ባል ታላቅ ወንድም ነው። ዓይኑን በጨው የታጠበ ሰው ማየት የፈለገ እሱን ይይ።

እሷ ግን ፓምፑን መመርመሯን ቀጠለች። ፎርማኑ ጠዋት ቁርጡን ነግሯታል፤ የቀለም መርጫ ማሽኗ እስከ ስድስት ሰዓት ካልሠራ አዳራሹን በራሱ ማሽን የሚቀባው ይሄው ዋርሳዋ ነው። ይሄ ሥራ ከእጇ ከወጣ ደግሞ ባለማሽን ብሎ የሚጠራት አይኖርም፤ ብሩሿን ይዛ የሰው አጥር ስትቀባ መኖሯ ነው። ይህንን እሱም አሳምሮ ያውቃል፤ የመጣውም ለዚሁ ነው።

ፓምፑ ቀለሙን ይስባል፣ ግፊቱን ግን አይይዝም። ግድግዳው ላይ የሚያርፈው ቀለም እንደ ሽማግሌ ሳል እየተቆራረጠ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ለዚሁ ሕመም እሱ ጋ ወስዳው ነበር፤ «አዲስ መቀመጫ አስገብቼልሻለሁ» ብሎ አፉን ሞልቶ ነገራት። አመስግናም ነበር፣ ሞኝ!

ማሽኑን አጠፋች፣ ግፊቱን አስተነፈሰች፣ የታችኛውን ቫልቭ በቧንቧ ቁልፍ ፈታች። መጀመሪያ የብረት ኳሷ ወጣች፤ ቀጥሎ ኳሷ የምትቀመጥበት ቀለበት። ይህ መቀመጫ ሁለት ፊት አለው። አንደኛው ሲበላ ይገለበጥና በሌላኛው ይሠራል፤ ሁለቱም ከተበሉ ይጣላል። ባሏ አንዴ የገለበጠውን ዳግመኛ በስህተት እንዳይገለብጥ ጠርዙ ላይ በሚስማር መስቀል ይጭርበት ነበር።

ቀለበቱን በጨርቅ ጠረገችው። መስቀሉ አለ።

ደሟ ፈላ። አዲስ ብሎ ነገር የለም፤ ይሄ ሰው የባሏን አሮጌ መቀመጫ በተበላ ፊቱ መልሶ ገልብጦላታል። አላየሁም እንዳይል፣ ምልክቱን ለባሏ ያስተማረው ራሱ ነው።

ጥርሷን ነክሳ ከቀብሩ ወዲህ አንጀቷ አልችል ብሏት ያልከፈተችውን፣ ከማሽኑ ጋር ግን ይዛ የምትዞረውን የባሏን ቆርቆሮ ሣጥን ከፈተች። በግራሶ ጨርቅ የተጠቀለለ አዲስ ኳስና መቀመጫ አገኘች። የቫልቩን ቤት አጥባ፣ መቀመጫውን አግብታ፣ ኳሷን አስቀምጣ አጠበቀችው።

«የቫልቩን ጥርስ ልትበዪው ነው፤ ተይ ለባለሙያ!» አለ ከበሩ።

ፓምፑን አስነሳች። ቀለሙ ወጣ፣ የግፊት መለኪያው ቀስት ሽቅብ ሄዶ ቆመ፤ አልወረደም። ግድግዳው ላይ አንድ ሰፊ፣ ያልተቆራረጠ ነጭ መስመር ለቀቀችበት። ፎርማኑ ድምፁን ሰምቶ ገባ።

«ማን ጠገነልሽ?»

«እኔ ነኝ» አለ ዋርሳዋ፣ ምንም ሳያፍር። «ያኔ የሠራሁት አሁን ገና ያዘላት።»

«አንተ?» አለችው።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እርስዎ ስትለው የኖረች ሴት ናት። ፎርማኑም ቢሆን ደነገጠ። አሮጌውን ቀለበት መስቀሉን ወደ ላይ አድርጋ እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

«ምልክቱን ታውቀዋለህ። ያስተማርከው አንተ ነህ።»

ዋርሳዋ ቀለበቱን አየውና መዳፉን ጨበጠ። ፊቱ ከግድግዳው ነጣ።

«ታዲያ ማን ነው የጠገነው?» አለ ፎርማኑ ግራ ገብቶት።

«ባሌ» አለችና ወደ ሥራዋ ዞረች።