ፀሐይ ነው አልኳቸው

ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ውቅያኖስ አይተሽ ታውቂያለሽ?» ብሎ ነው። «እንዴታ!» አልኩት። ያየሁት ከአውሮፕላን መስኮት ነው፤ እሱንም እንቅልፍ ይዞኝ ግማሹ አምልጦኛል።

ቢሮው ሲልቨር ስፕሪንግ በምትባል ከተማ ከአንድ የጥርስ ክሊኒክ በላይ ነበር። አምስት ጠረጴዛ፣ ከግድግዳው አንድ ትልቅ የአትላንቲክ ካርታ፣ ጥግ ላይ ሲንጫጫ የሚውል ፕሪንተር። ትንሽ የግል ድርጅት ነው። የባሕር ዳርቻዎችን የማዕበልና የአየር ሁኔታ ትንበያ በየቀኑ ጽፈን ለደንበኛ እንልካለን። ደንበኞቻችን ሆቴሎች፣ የዳርቻው ከተሞች፣ ማዕበል ላይ በሰሌዳ ለሚንሸራተቱት ልጆች ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ነበሩ።

እኔ አገር ቤት ስምንት ዓመት ሙሉ በአንድ የክፍለ ሀገር አውሮፕላን ማረፊያ የአየር ሁኔታ ተመልካች ሆኜ ሠርቻለሁ። ዝናብ ለክቻለሁ፣ ደመና መዝግቤያለሁ። በዲቪ መጥቼ አራት ዓመት ፓርኪንግ ውስጥ ትኬት ስቆርጥ ከቆየሁ በኋላ ነው ይሄ ሥራ የተገኘው። ማዕረጉ ዳታ ክለርክ፣ ቁጥር መዝጋቢ፣ ይባላል። ከዚያ ረዳት ተንባይ፣ ከዚያ ተንባይ። ተንባይ የሆነ ሰው በጻፈው ትንበያ ግርጌ የስሙን የመጀመሪያ ፊደላት ያሰፍራል። ያቺን ፊደል ለማስፈር ስድስት ዓመት ፈጅቶብኛል።

አለቃዬ ዴል ይባላል። በጥር ብርድ ሰንደል ጫማ አድርጎ የሚመጣ፣ ወጣትነቱን ማዕበል ላይ የጨረሰ ሽበታም ሰው ነው። የመጀመሪያው ቀን አንድ ሕግ ነገረኝ። «ሰው አንድ መስመር ብቻ ነው የሚያነበው። አደጋ ካለ መጀመሪያ ጻፊው። ፀሐዩም ሙቀቱም ከዚያ በኋላ ይደርሳሉ።» እኔም በደብተሬ ጻፍኩት። ጎበዝ ተማሪ ነበርኩ።

በሁለተኛው ሳምንት ውሸቴ ተነቃብኝ። «ሦስት ጫማ ማዕበል» ብዬ የመዘገብኩትን ወረቀት ይዞ መጣና «ሦስት ጫማ ስንት ነው? በእጅሽ አሳዪኝ» አለኝ። ወገቤን አሳየሁት። «እሱ የቆመ ውሃ ነው። እየሮጠ ሲመጣስ?» አለ። «ኮትሽን ልበሺ» ብሎ በመኪናው ሦስት ሰዓት ነድቶ ዳርቻው ላይ አቆመኝ።

እዚያ ዳርቻ ዓለት የለም፤ ማዕበሉ የሚሰበረው ውሃው ስር በተከመረ አሸዋ ላይ ነው። አሸዋው ባለበት ነጭ አረፋ እየተነሳ ይንጫጫል። በሁለቱ ነጭ ቦታዎች መካከል ግን ጠቆር ያለ፣ ዝም ያለ፣ የተኛ የሚመስል ውሃ አለ። ዴል «ግቢ ብትባዪ በየት ትገቢያለሽ?» አለኝ። ዝም ወዳለው ጠቆምኩ። «ሞተሻል» አለኝ።

ወደ ዳር የመጣው ውሃ ሁሉ ወደ ጥልቁ የሚመለሰው በዚያች ጸጥ ባለች ክፍተት ነው። ሪፕ ከረንት ይሉታል። ወደ ታች አያሰምጥም፤ ወደ ውስጥ ይጎትታል። ዋና የሚችለው ወደ ጎን ይዋኝና ይወጣል። የማይችለው ወደ መጣበት ሲታገል ጉልበቱ ያልቃል።

ከዚያ ወዲህ ሥራውን በደንብ ያዝኩት። ከምኖርበት ከአሌክሳንድሪያ ከተማ ተነስቼ ቤልትዌይ የሚባለው ቀለበት መንገድ ሳይጨናነቅ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጠረጴዛዬ ላይ ነኝ። ባሕሩ ላይ ከሚንሳፈፉት መለኪያዎች ሁለት ቁጥር አነባለሁ፤ አንዱ የማዕበሉ ከፍታ ነው፣ ሌላው በአንዱና በሚቀጥለው መካከል ያለው ሰከንድ። ጀማሪ ከፍታውን ያያል። ያወቀ ሰው ሰከንዱን ያያል። ሰባትና ስምንት ከሆነ የሠፈር ነፋስ የቀሰቀሰው ነው። አሥራ አራት ካነበብኩ ግን ከሩቅ፣ ሌላ ሰማይ ስር ካለ ዐውሎ ነፋስ የመጣ ነው፤ ጉልበቱ ሌላ ነው። ደግሞም ተንኮለኛ ነው። በመሃል ደቂቃዎች ሙሉ ያርፋል፤ ሰው «ተረጋጋ» ብሎ ሲገባ ጠብቆ ይመጣል።

አንድ የሆቴል ባለቤት ደውሎ ጮኸብኝ። «በአንቺ መስመር ምክንያት ሰው ቦታ መያዙን ትቷል። 'አደጋ' ከምትዪ 'ደመቅ ያለ ማዕበል' ብትዪ ምን አለበት?» አለኝ። «ጌታዬ፣ ማዕበሉ ሠርግ ቤት አይደለም የሚደምቀው» አልኩት። ዴል ከጠረጴዛው ሆኖ ሳቀ። ለፈረንጅ ደንበኛ እንዲህ ደፋር ነበርኩ።

አሁን ስለ ተፈራ ልናገር። ተፈራና ሚስቱ እልፍነሽ አሌክሳንድሪያ በአንድ ሕንፃ የምንኖር ጎረቤቶቼ ነበሩ። ስመጣ ሰው አልነበረኝም፤ መንዳት ያስተማረኝ ተፈራ ነው፤ በራሱ መኪና፣ ከራሱ ሥራ በኋላ። የቆመ ምሰሶ ገጭቼበታለሁ። «ምሰሶው ነው ጥፋተኛው፣ ሲግናል አላሳየም» አለኝ። ፎርካስት መጻፍ ስጀምር «የሰማይ ጸሐፊ» ብሎ ስም አወጣልኝ። ቴሌቪዥን ምንም ቢል አይሰማም። «ሙሉ ካላለች አይዘንብም» ይላል፤ ሙሉ እኔ ነኝ። ክርስትና ሲኖር፣ ሠርግ ሲኖር፣ የአገራችን ሰዎች ማኅበር አባል ሁሉ እኔን ነው ኮል የሚያደርገው። ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ዝናብ አለ?»

የኛ ሰው ስለ አየር ሲጠይቅ ስለ ዝናብ ነው የሚጠይቀው። ዝናብ ከሌለ ቀኑ ጥሩ ነው። ባሕር በፀሐይ እንደሚገድል ከየት ይወቀው? እኔም እኮ ዝም ወዳለው ውሃ ነው የጠቆምኩት።

አንድ ዓመት ማኅበሩ ለእንቁጣጣሽ ቅዳሜ ባሕር ዳርቻ ለመዋል አውቶብስ ተከራየ። ልብ በሉ፤ የኛ አዲስ ዓመት የሚውለው የዐውሎ ነፋሱ ወቅት አፍላ ላይ ነው። ያ ዳርቻ ደግሞ የበጋቸው መዝጊያ ከሆነው ከሌበር ዴይ በዓል በኋላ የዋናተኞች ጠባቂዎቹ ወንበራቸውን ነቅለው የሚሄዱበት ነው። የሚያፏጭ የለም፣ የአደጋ ባንዲራ የሚሰቅል የለም። በዚያ ሳምንት አንድ ትልቅ ዐውሎ ነፋስ ከኛ በብዙ መቶ ማይል ርቆ ወደ ባሕሩ መሃል እያመራ ነበር። ዝናቡ አይደርሰንም። ማዕበሉ ግን እየመጣ ነው። ዓርብ ጠዋት መለኪያው ላይ አሥራ አራት ሰከንድ አነበብኩ።

ዓርብ ምሳ ሰዓት ላይ እልፍነሽ ደወለች።

«ሙሉዬ፣ ለነገ ዝናብ አለ?»

«የለም፤ ጠብ አይልም።»

«ፀሐይ ነው?»

«ፀሐይ ነው። ባሕሩ ግን እልፌ...»

«ኧረ በናትሽ! በዓመት መባቻ አታሟርቺብን! አውቶብስ ሙሉ ሰው ጠርተን? የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ በመልካም አንሺው!»

ከኋላዋ ተፈራ «ምን አለች የሰማይ ጸሐፊዋ?» ሲል ሰማሁ። «ፀሐይ ነው አለች!» አለችው። «በቃ፣ ጨርሰናል!» አለ።

እኔ ሳቅሁ። እግዜር ይይልኝ፣ ሳቅሁ። «እሺ፣ ብቻ ውሃው ጋ ጠንቀቅ በሉ» አልኩ። «ማን ይገባል ብለሽ ነው? ከመቼ ወዲህ ዋናተኛ ሆንን! እግራችንን ነክረን እንመለሳለን» አለች። «መልካም አዲስ ዓመት» ተባብለን ዘጋን። ሟርተኛ መባል አስፈራኝ። ሌላ ምክንያት የለኝም፤ ሃያ ጊዜ ፈልጌ አጥቻለሁ።

ስልኩን ዘግቼ ትንበያዬን ጻፍኩ። የመጀመሪያው መስመር፦ የሪፕ ከረንት አደጋ ከፍተኛ፤ ጠባቂ የለም፤ ወደ ውሃው አትግቡ። አንብቤ አልበቃኝ አለ። ዴልን «'እስከ ጉልበትም ቢሆን' የሚል ልጨምርበት?» አልኩት። «ጨምሪ» አለኝ። ጨመርኩ። ከግርጌው ፊደሌን አሰፈርኩና ላክሁ። በእንግሊዝኛ፣ ለማላውቀው ሰው ሁሉ።

ቅዳሜ ተረኛ ነበርኩ። ሰማዩ የታጠበ ብርጭቆ ይመስል ነበር። ከቀትር በኋላ ከዳርቻው ከተማ ሪፖርት መጣ። እንዲህ ያለ ሪፖርት ሲመጣ መመዝገብ የኔ ሥራ ነው። አንድ ወንድ፣ ዕድሜ ሃምሳዎቹ፣ ሕይወቱ አልፏል፤ ማዕበል በማይሰበርበት ጸጥ ባለ ቦታ ገባ፤ ሱሪውን ጠቅልሎ ነበር ይላል። እስከ «ሱሪውን» ድረስ እየጻፍኩ ነበር። ሱሪውን ጠቅልሎ ውቅያኖስ የሚገባ የኛ ሰው ነው። ብዕሩን አስቀመጥኩ። ስልኬ ጠራ። የማኅበሩ ጸሐፊ ነው፤ ስሙን ሳይጠራልኝ «ተፈራ ነው?» አልኩት። «ማን ነገረሽ?» አለኝ።

እግሩን ነክሮ ሊመለስ ነበር። ማዕበል የሌለበትን ቦታ መርጦ ነው፤ ጠንቃቃ ሰው ስለሆነ።

ሰኞ ዕለት የማረጋገጫ ሰንጠረዥ ይሞላል። በአንዱ ዐምድ ምን ተንብየን ነበር፣ በሌላው ምን ሆነ፣ በሦስተኛው ትክክል ወይም ስህተት። ዴል የማንን መሞት እንደሚያወራ ሳያውቅ «ጥሩ ትንበያ ነበር። 'እስከ ጉልበት' ያልሽው ደግሞ ልክ ነበር» አለኝ። የሞተው የመንዳት መምህሬ ነው አልኩት። ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። «ግን ጽፈሽዋል እኮ» አለኝ። «በማን ቋንቋ?» አልኩት። ሰንጠረዡን ልሙላልሽ አለ። እምቢ አልኩ። በገዛ እጄ «ትክክል» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። በሥራ ዘመኔ ከጻፍኳቸው ሁሉ እንደዚያ ልክ የሆነ ትንበያ የለኝም።

ለቅሶው ሕንፃችን ስር ባለው አዳራሽ ነበር። «ቀኑ ደርሶ ነው» ይላሉ። «ፀሐይ ነበር እኮ! እንዲያ ያለ ቀን! ማን ያውቃል?» ይላሉ። እኔ ሻይ ይዤ በመካከላቸው ተቀምጫለሁ። የማውቀው እኔ ነበርኩ። አንድ ቃል አልተነፈስኩም። እልፍነሽ ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ፤ እሷም አለቀሰች። አሁን ሳስበው ያ ልቅሶ ራሱ ያሳፍረኛል።

አንድ ዓመት ተሸከምኩት። ለሙት ዓመቱ ዕቃ ልናጥብ ሁለታችን ወጥ ቤት ስንቀር አልቻልኩም። «እልፌ፣ ባሕሩ እንደሚገድል አውቅ ነበር» አልኳት።

ድስቱን ማጠብ አላቆመችም። «አውቃለሁ» አለች። «ልጄ በአርባው ኢንተርኔት ላይ አግኝታ አነበበችልኝ። እስከ ጉልበትም ቢሆን አትግቡ ይላል። ከታች ያለው የሙሉ ፊደል ነው አለችኝ።»

«ታዲያ ዓመቱን ሙሉ ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ብጠይቅሽ 'አታሟርቺ ያልሽኝ አንቺ ነሽ' ትዪኛለሽ ብዬ ፈራሁ።»

እንደዚያ ልላት እንዳልነበር ነገርኳት። አላመነችኝም መሰለኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም ራሴን አላመንኩትም፤ በልቤ ስንት ጊዜ ብያት ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ሮክቪል ልጇ ጋ ገባች። በበዓል እንደዋወላለን። ስለ አየር አናወራም።

ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ሠርቼ ጡረታ ወጣሁ። በየጳጉሜው የማውቀውን ማኅበር ሁሉ እየደወልኩ ባሕሩን ነግሬያለሁ። «እሺ እሺ፣ እናመሰግናለን» ይላሉ። ስልኩ በደንብ ሳይዘጋ «ሟርተኛዋ ናት» ሲባል የሰማሁባቸው ጊዜያት አሉ። አንዳንዶቹ ቀርተዋል፣ አንዳንዶቹ ሄደዋል። ተፈራ እንደሆን በየትኛውም አልተመለሰም።

ወደዚህ ሥራ ለምትገቡ የማውቀው ይሄን ብቻ ነው። አደጋው መጀመሪያ ይነገራል፤ ፀሐዩ ከዚያ በኋላ። ለወዳጅም እንደዚያው ነው።