ከአራቱ ገመድ የጎደለችው ሜትር

«የሰጠሁት አራት ገመድ ነው! ሽማግሌ እያየ የተዘረጋ አራት ገመድ! አንቺ ከየት አምጥተሽ ነው ሠላሳ ዘጠኝ የምትይኝ?»

«አባቴ፣ እኔ አልቀነስሁም።»

«እና ማን ቀነሰው? ኮምፒውተሩ በላው?»

እኅታቸው ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ አፈነች። እኔ ግን መሳቅ አልቻልሁም። የሚቆጡኝ ሰው ከቡሬ ወጣ ካለ ገጠር በጠዋት ሚኒባስ ፍኖተ ሰላም የገቡ ገበሬ ናቸው። ለዚች ለመጨረሻ እኅታቸው የእህል ወፍጮ ቤት እንድትሠራበት ከይዞታቸው ከፍለው ሰጥተዋታል። አሰጣጡም እንደ አገሩ ነበር፦ አሥር ሜትር ገመድ ከሱቅ ተገዝቶ መጣ፤ ሽማግሌዎች ዳር ይዘው ቆሙ፤ ገመዱ ከመንገዱ አፋፍ ጀምሮ ቁልቁል፣ መሬት መሬቱን አራት ጊዜ ተዘረጋ። እሳቸውም «ከዚህ ቢጎድል ቃሌ ይጉደል» ብለው ማሉ። አሁን ደግሞ ከምሠራበት የዲዛይን ቢሮ የወጣው ፕላን አርባውን ሜትር ሠላሳ ዘጠኝ ይለዋል።

«ሽማግሌዎቹ ይኸን ሲያዩ ምን ይላሉ? ‹ምሎ ሲያበቃ የእኅቱን መሬት ሸረፈ› ነው የሚሉ። በስተርጅና እንዲህ ልባል?»

ቁጥሩ ያጠረው እኔ ከፍታውን ስለ ደመሰስሁት ነው። ቀያሹ የሚያመጣው ነጥብ ሁሉ ሦስት ቁጥር ይዞ ይመጣል፦ ወደ ምሥራቅ ስንት፣ ወደ ሰሜን ስንት፣ ከፍታው ስንት። ከነጥብ ወደ ነጥብ መስመር ሳስር መስመሩም ከፍታውን ተሸክሞ ይሄዳል። ከላይ ሲያዩት ምንም አይታወቅም። የቦታውን ስፋት ላሰላ ስል ግን ኮምፒውተሩ እምቢ አለኝ። ሥዕሉን ወደ ጎን ባዞረው ጉዱ ወጣ። ድንበሩ ተንጋዶ አየር ላይ ተንጠልጥሏል፤ የሣልሁት ወፍጮ ቤት ደግሞ ከሱ ሁለት ሺህ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ፣ ባሕር በሌለው አገር ከባሕር ወለል ልክ ተቀምጧል። ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ ሁሉንም ዜሮ ላይ የሚያስተኛውን ትእዛዝ ሰጠሁት። «ፍላተን» እንለዋለን።

ይቺን ትእዛዝ አልወዳትም። ያደግሁት ፈረስ ቤት የምትባል ከተማ ነው፤ እዚያ ጎረቤት ለመጠየቅም ዳገት አለ። ግጥም መሞካከር የጀመርሁትም ሽቅብ ስወጣ፣ ትንፋሽ በሚፈቅድልኝ ልክ ስንኙን እያሳጠርሁ ነው። ያ ሁሉ አቀበት በአንድ ጣት ጠቅታ ሲነጠፍ ሳይ ቅር ይለኛል። ቢሆንም በተንጠለጠለ መስመር ላይ ግድግዳ አይቆምም።

«የኔ እመቤት» አለች እኅታቸው ወደ እኔ ጠጋ ብላ፣ «አርባ ብለሽ ጻፊላቸውና ይረፉ። እኔ እንደሁ አልከሳቸው!»

ለመጻፉማ ምን ይቸግራል? ቁጥሩን ነክቶ በላዩ አርባ ማለት ነው። እጄ የኮምፒውተሩ መዳፊት ላይ ነበር።

«መሠረት የሚያወጡት ሰዎች ሜትሩን አግድም ወጥረው ነው የሚለኩት» አልኋቸው። «አርባ ብዬ ብጽፍ የታችኛው ግድግዳ አንድ ሜትር ያህል የእርስዎ ማሳ ውስጥ ይገባል። ያኔስ ማን የማንን ሸረፈ ሊባል ነው?»

እኅትዮዋ ሳቋን አቆመች። እሳቸው ግን አልተዋጠላቸውም፤ በዱላቸው ወለሉን መታ መታ አደረጉ።

«አባቴ፣ እስቲ ዱላዎን ያውሱኝ።»

«ልትመቺኝ?»

«ልለካበት።»

ዱላውን ወለሉ ላይ አጋደምሁና ጫፉ የደረሰበትን በእርሳስ ምልክት አደረግሁ። አንዱን ጫፍ ካለበት ሳላንቀሳቅስ ሌላውን አንሥቼ ወንበር ላይ አሳረፍሁት።

«አሁን ይኸ የተነሣው ጫፍ ከወለሉ ከየትኛው ቦታ በላይ ነው?»

ጎንበስ ብለው በአንድ ዓይናቸው አነጣጠሩ። አላመኑም። ከኪሳቸው አንዲት የሽምብራ ቆሎ አወጡና ከዱላው ጫፍ ወደ ታች ለቀቋት። ሽምብራዋ ከእርሳሱ ምልክት ወዲህ አረፈች።

«ዱላው አጠረ?» አልኋቸው።

«አላጠረም።»

«እኔስ ቆረጥሁት?»

ሽምብራዋን አንሥተው እፍ አሉና ወደ አፋቸው ወረወሯት። እያኘኩ አሰቡ።

«ገመዱ ዱላው ነው» አሉ በመጨረሻ። «ወረቀቱ ወለሉን ነው የሚያወራ።»

«አዎ፣ አባቴ።»

«እሺ፣ እኔስ ገባኝ። ሽማግሌዎቹን ማን ያስረዳልኝ? በየቤቱ እየዞርሁ ዱላ ላጋድም?»

«ሽምብራውን እኔ እይዝልዎታለሁ፣ አያ» አለች እኅታቸው።

«ዝም በይ አንቺ!» አሉ፤ ግን ከንፈራቸው ሊስቅ ነበር።

ከፍታ ከመደምሰሴ በፊት ሁልጊዜ ሌላ ቅጂ አስቀምጣለሁ፤ ሥራው ነው ያስተማረኝ። ያንን ከፈትሁና መሬቱን ከጎኑ ሣልሁት፦ ከአፋፉ እስከ ታች ወደ ዘጠኝ ሜትር የሚወርደውን ቁልቁለት፣ በላዩም አራቱን ገመድ አንድ በአንድ። ከላይ «በመሬቱ ላይ፣ አራት ገመድ፣ አርባ ሜትር» ብዬ ጻፍሁ፤ ከሥር ቀጥ ባለው መስመር ላይ «አግድም፣ ሠላሳ ዘጠኝ ሜትር»። አትሜ ሰጠኋቸው።

ጣታቸው ቁልቁለቱን ተከትሎ ወረደ። አራተኛው ገመድ ካበቃበት ሲደርስ ቆመ።

«እዚህ ጋ ብሳና አለ። ሽማግሌዎቹ እሱ ሥር ነበሩ።»

በእስክሪብቶ ብሳና ሣልሁላቸው።

«ከፍ አድርጊው። ትልቅ ነው።»

ከፍ አደረግሁት። አዩትና ወረቀቱን አጣጥፈው ከኮታቸው ውስጥ ደረታቸው ላይ አኖሩት። ዱላቸውን ከወንበሩ ላይ አነሡ።

«አያ፣ የት ነው? የወፍጮው ሞተር በየት በኩል እንደሚሆን ገና ሳንነግራት!»

«ሞተሩ ያንቺ ነው። እኔ መሬት ነው የሰጠሁ፣ ያውም ሙሉውን። ሽማግሌዎቹ ከሌላ ሰው አፍ ሳይሰሙ ልድረስባቸው።» ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ ወፍጮው የቆመ ቀን ትመጫለሽ። ቁልቁለቱን በእግርሽ ትወርጅዋለሽ።»

«እመጣለሁ፣ አባቴ።»

«ገመድ እንዳትይዥ ብቻ» አሉና ወጡ። የቆርቆሮው በር ከኋላቸው ተዘጋ።