የእህቴን ደብተር የተቀበለ ሐኪም

በእኛ ዘንድ የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው። እህቴ የተዳረችው መርሳ ነበር። ሆዷ ሲገፋ ወልድያ፣ እናታችን ጋ መጣች። የልጁን ልብስ ይዛ፣ የጤና መድን ደብተሯን ይዛ። ከዚያ ጦርነቱ ደረሰ፤ መንገዱ ተዘጋ። ሽንኩርት ነጋዴው ባሏ ወደ ደሴ ሸሸ። እሷ እኛ ቤት ወለደች፤ ወንድ ልጅ።

ልጁ ደህና ነበር። እሷ ግን እግሯ አበጠ። ጋደም ስትል ትንፋሽ ያጥራታል። ግድግዳ ተደግፋ፣ ቁጭ ብላ ነበር የምታድረው። እናቴ “የአራስ እብጠት ነው፣ ይወርዳል” አለች። ጎረቤቶቹም እንደዚያው አሉ። አልወረደም።

ከተማው ነጻ ሲሆን ጤና ጣቢያው ተከፈተ። ተከፈተ ስል በሩ ማለቴ ነው። ውስጡ ተዘርፏል። አንዲት ነርስ ደብተሩን አገላብጣ አየችው።

“ይኼ የሀብሩ ወረዳ ነው፤ የመርሳ። የእኛ ውል ከዚህ ነዋሪ ጋር ነው።”

“እዚህ እኮ ነው የወለደችው” አልኳት።

“ገብቶኛል ወንድሜ። እሺ ብልህስ ምን አለኝ? ሐኪም የለ፣ መድኃኒት የለ። መርሳ አንድ ጠቅላላ ሐኪም ገብቷል፣ በደብተር ያያል ይላሉ። እዚያ ውሰዳት።” ይህን ብላ እህቴን እስከ ውጭ በር ደግፋ አደረሰችልኝ።

የግል ክሊኒክ ደብተር አይቀበልም። እኛ ደግሞ ከደብተሩ ሌላ ምንም አልነበረንም።

በማግስቱ ሚኒባስ ያዝን። እናቴ ልጁን አዝላለች። ሲሪንቃ ላይ ለፍተሻ ውረዱ ተባልን። ወታደሩ እህቴን አየና “አንቺ ተቀመጪ” አላት።

መርሳ ጤና ጣቢያ ግቢው በሰው ሞልቷል። መዝጋቢዋ ደብተሩ ላይ ያለውን ፎቶ አየች፤ እህቴን አየች፤ እንደገና ፎቶውን አየች።

“ይቺ አንቺ ነሽ?”

“እኔ ነኝ። ያኔ አጥንት ነበርኩ፤ አሁን ውሃ አወፈረኝ።”

ሰልፉ ሳቀ። መዝጋቢዋ አልሳቀችም። ከኋላችን የቆሙ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን አነሱ።

“ልጄ፣ የሽንኩርት ነጋዴው ሚስት ናት። ሰርጓ ላይ በልቻለሁ። ከፈለግሽ የበላሁትን ልቁጠርልሽ?”

“ይተዉት አባባ፣ አመንኩ” አለች። አሁን እሷም ሳቀች።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ከእኔ ብዙም አይበልጥም። ክፍሉ ውስጥ አንድ ወንበር ብቻ ነበር። ወንበሩን ለእህቴ ሰጥቶ እሱ የቲማቲም ሳጥን ገልብጦ ተቀመጠ። ደረቷንም ጀርባዋንም ረጅም ጊዜ አዳመጠ።

“ልቧ ደክሟል። ከወሊድ ጋር የሚመጣ ሕመም ነው። ትልቅ ሆስፒታል መግባት ነበረባት፤ ግን እነሱም ገና ሥራ አልጀመሩም። እስከዚያው ውሃውን የሚያወጣ እንክብል እሰጣታለሁ።” ከዚያ እሷን ጠየቃት፤ “የምትኖሪው እዚህ ነው?”

“የባሌ ቤት እዚህ ነው። እኔ ለጊዜው እናቴ ጋ ነኝ።”

“የትም ሁኚ። ደብተሩ እስካለ ድረስ የእኔ ታካሚ ነሽ።”

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ክንዴን ትነካኛለች። “የእኔ ታካሚ ነሽ አለኝ። ሰማህ አይደል?”

ሰምቻለሁ አልኳት። ደጋግማ ጠየቀችኝ።

እብጠቱ ወረደላት። አንድ ቀን እግሯን ዘርግታ “እማ፣ ነይ እዪ፣ ቁርጭምጭሚቴ ከስደት ተመለሰ” አለች። እናቴ “አልሀምዱሊላህ” እያለች አለቀሰች። ትድናለች ብለን ነበር። እኔ... ብዬ ነበር።

አንድ ከሰዓት ልጁን አጥብታ ለእናቴ አቀበለቻት። “ትንሽ ልረፍ” አለች። በዚያው ቀረች።

ሐዘኑ ሲበተን እንክብሎቹን አየኋቸው፤ ገና አላለቁም። ቤት ማስቀመጡን ልቤ እንቢ አለኝ። መርሳ ስንሄድ ሰው ሁሉ መድኃኒት የለም ሲባል ሰምቻለሁ። ይዤ ሄድኩ።

ሐኪሙ መድኃኒቱን ሲያይ ከሳጥኑ ተነሣ። ነገሩ ገባው።

“አላህ ይዘንላት” አለ። እንክብሎቹን ተቀበለኝና “አሁን ግቢ ውስጥ ይኼ የሚያስፈልጋት እናት አለች” አለኝ። ቀጥሎ “ልጁስ?”

“እናቴ ጋ ነው። ወልድያ።”

“ደብተሩ የእሱም ነው። አባቱ እስኪመለስ ስሙን አስጽፍለት። ሲያመው ወደ እኔ አምጣው።”

ደብተሩን ይዤ ወደ መዝጋቢዋ ሄድኩ። ፎቶውን አየች። ቀና ብላ እኔን አየች። አሁን “ይቺ አንቺ ነሽ?” የምትላት ሰው የለችም። የልጁን ስም ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ከእህቴ ስም ሥር፣ ሳትቸኩል ጻፈችው።