የጋሽ ብሩሽ የልብ ወረቀት

ዕድሜውን ሙሉ የሰው ግድግዳ ሲቀባ የኖረውን ሽማግሌ ሰፈርተኛው «ጋሽ ብሩሽ» ይለዋል። ዓይኑን ኦፕራሲዮን ከመደረጉ በፊት ልቡን እንዲመረመር ታዘዘ። ወጣቷ ሐኪም ከማሽኑ የወጣውን ወረቀት ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ።

«አባባ፣ ደረትዎን ያምዎታል?»

«ደረቴስ ደህና ነው፤ የከዳኝ ጉልበቴ ነው።»

«በግራ በኩል ያለው የልብዎ የኤሌክትሪክ መስመር ተዘግቷል። አሁን የመጣ ከሆነ አደገኛ ስለሚሆን ዛሬ አንለቅዎትም።»

ጋሽ ብሩሽ ሳይደናገጥ ከቦርሳው ካርቶን ላይ የተለጠፈ የደበዘዘ ወረቀት አውጥቶ ሰጣት። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የተነሣ የልቡ ምርመራ ነበር። ያኔ ሐኪሙ «ይህን እንዳትጥሉት» ሲል ልብ ብላ የሰማችው ሚስቱ ናት። የዚያን ቀን ከመሰላል ወድቆ ነበርና፣ መኪና ያንገጫግጨዋል ብላ ሐኪም ቤት በእግር ወሰደችው። «ማን መሰላል ላይ ውጣ አለህ?» እያለች መንገዱን ሙሉ ስትቆጣው፣ ክንዱን ግን አንዴም አልለቀቀችም። ቤት እንደገቡ ወረቀቱን ለጥፋ፣ ከጀርባው ቀኑን ጻፈችና «ይህን ከምትጥል የጋብቻ ወረቀታችንን ብትጥል ይሻልሃል!» አለችው። ካረፈች አራት ዓመቷ ነው።

ሐኪሟ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስተያየች። መስመሮቹ ቁርጥ አንድ ናቸው።

«እፎይ! የቆየ ነው። ኦፕራሲዮኑ አይቀርም። ይህን ፋይልዎ ውስጥ ላስቀረው?»

«ኮፒውን አስቀሪና ዋናውን መልሺልኝ፣ ልጄ። ከሚስቴ የእጅ ጽሑፍ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው።»

ሐኪሟ ራሷ ኮፒ ልታደርግ ተነሣች፤ እሱም ሸሚዙን እየቆለፈ ጠበቃት።