አይቸኩል ቆዳ የለወጠበት ሰሞን

ባለፈው ቅዳሜ ቡሬ ካለው ቤቴ ጓሮ የግራዋውን አጥር ስከረክም፣ መራራ ሽታው አፍንጫዬን ሞልቶ እጄም አረንጓዴ ሆኖ ሳለ፣ ከአንዲት ቀጭን ቅርንጫፍ ላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነጭ ነገር ተጠምጥሞ አገኘሁ። በጣቴ ሳነሳው ክብደት የለውም፤ ጠጋ አድርጌ ሳየው፣ ጥቃቅን ፍሬ የተነጠፈበት የሚመስል፣ የእግር ጫፍ እንኳ ሳይቀር የወጣበት፣ እስስት ገፎ የጣለው ቆዳ ነበር። መቀሱን አስቀመጥሁና አፈሩ ላይ ቁጭ አልሁ። ጎረቤቴ በአጥሩ ማዶ አንገቷን አስግጋ «ምን ጠፋሽ?» አለችኝ። የጠፋኝ ፍኖተ ሰላም ነው፤ የጠፋችኝ አክስቴ ናት፤ ግን «መርፌ» አልኋት።

እትዬ ጥሩሰው የአባቴ ታናሽ እህት ነበረች። ቡሬ ለአንድ እህል ነጋዴ ተድራ ጥቂት ዓመት ኖራ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ሻንጣ ይዛ ፍኖተ ሰላም ካለው ቤታችን በር ላይ ከጋሪ ወረደች። ለምን እንደመጣች አልተናገረችም፤ እኛም ልጆቹ እንዳንጠይቃት በዓይን ተነገረን። እናቴ ከእኔ ጋር አስተኛቻት፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ጅራቷ ሆንሁ። ዘለግ ያለች፣ ድምፀ ለስላሳ፣ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ጫፍ የምትሸፍን ሴት ነበረች ይላሉ ቀድሞ የሚያውቋት፤ እኛ ዘንድ ስትመጣ ግን ሳቋን ቡሬ ረስታው የመጣች ትመስል ነበር።

ሳቋን የመለሰላት እስስት ነው። ከግቢያችን ጥግ ከጌሾው ላይ፣ አንድ እግሩን አንስቶ ወደፊትና ወደኋላ እየተወዛወዘ፣ አንዱን ዓይኑን ወደ እኛ ሌላውን ወደ ሰማይ አድርጎ፣ ልርገጥ አልርገጥ እያለ ሲያመነታ ብታየው፣ አፏን መሸፈኑንም ረስታ ከት ብላ ሳቀች። «አይቸኩል» ብላ ስም አወጣችለት። በየጠዋቱ በጠላው ጋን ዙሪያ ዝንብ ወደሚርመሰመስበት በእጇ ይዛው ትሄዳለች፤ ምላሱ ወጥቶ ሲመለስ ዓይን አይከተለውም፤ ያን ሁሉ ቀርፋፋነቱን ለዚያች ለአንዲት ቅጽበት ሲል የቆጠበው ይመስል ነበር።

እናቴ ግን ወደዚያ ጥግ መድረስ ፈራች። በሰፈራችን እስስት የነከሰው ሰው አህያ ካላናፋ አይለቀውም ይባል ነበርና፣ የጎረቤት አህያ በአቅራቢያ መኖሯን ሳታረጋግጥ የጌሾ ቅጠል አትቀጥፍም ነበር።

ጥቅምት ገብቶ አደይ አበባው መርገፍ ሲጀምር አይቸኩል ታመመ፤ ወይም የታመመ መሰለን። አረንጓዴው መልኩ ደብዝዞ የምድጃ አመድ መሰለ፤ ቀጥሎ ጎኑና ራሱ ላይ ነጫጭ ነገር ወጣበት፤ ዝንብ አፍንጫው ላይ ብታርፍ እንኳ ዞር ብሎ አያያትም። ጎረቤቶች እየመጡ አዩት። «ቆረቆር ነው፤ ለልጆቹ ይተላለፋል» ያሉም ነበሩ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ለምጽ ነው» ያሉም ነበሩ። እናቴ ፈራች። «ጥሩዬ፣ እህቴ» አለቻት፣ «እስከ እሁድ ካልተሻለው ከወንዙ ማዶ ወስደሽ ጣይልኝ።»

እትዬ ጥሩሰው አልተከራከረችም። ሥራዋን በጨረሰች ቁጥር ከጌሾው ሥር እየተቀመጠች ትመለከተው ነበር፤ እኔም ከጎኗ። ነጩ ነገር ከአንገቱ ላይ ተነሥቶ ሲንጠለጠል አየሁና «እንላጥለት» አልኋት።

«ተይ፣ ሳይደርስ ብትጎትችው ቁስል ታደርጊበታለሽ። ጊዜው ሲሆን ራሱ ይጥለው ይሆናል።»

«እንዴት አወቅሽ?»

«አላወቅሁም። እንዲያው ተስፋ ነው» አለችኝ።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ባልየው የላካቸው ሽማግሌዎች ከቡሬ መጡ፤ አንድ ቄስና ነጭ ጋቢ የለበሱ ሁለት አዛውንቶች። ከማንጎው ጥላ ሥር አግዳሚ ወንበር ወጣላቸው። አባቴ ደግ ሰው ነበሩ፤ ነገር ግን ትዳር ፈታ ወንድሟ ቤት የተቀመጠች ሴት ኋላ ታዝናለች ባይ ስለነበሩ፣ በልባቸው እሺ ብለው ነው የጠበቋቸው። ትልቁ ሽማግሌ ስለ እርቅ ብዙ ተናገሩ፤ ባልየው መጸጸቱን፣ ቤቱ ያለ እሷ መቀዝቀዙን፣ እህልና ውኃም ያላት እዚያው መሆኑን አወሩ። በመጨረሻ «ልጃችንን ጥሯትና ከአፏ እንስማ» አሉ።

ተጠራች። አይቸኩል ነጠላዋን በአራት እግሩ ቆንጥጦ አልለቅ ስላላት ትከሻዋ ላይ እንዳለ ይዛው መጣች፤ ቆዳው እንደ ቡትቶ በየቦታው ተንጠልጥሏል። ትልቁ ሽማግሌ አማተቡ።

«በስመ አብ! ልጄ፣ ይህንን ነገር ጣይውና ነይ። መልኩን የሚለዋውጥ ፍጥረት ለሰው ደግ አይደለም።»

እትዬ ጥሩሰው ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ መዳፏን በእስስቱ ላይ ከደን አደረገች። ከዚያ እንደ ወትሮው በለስላሳ ድምፅ፣

«አባቴ፣ ቢቆጡኝም ይቆጡኝ። ይህ መልኩን ሲለውጥ ሰው አይመታም» አለች።

ቄሱ መስቀላቸውን በእጃቸው እያገላበጡ አንገታቸውን ደፉ። አባቴ ቀስ ብለው ተነሡ፤ እህታቸውን ከዚያን ቀን በፊት አይተዋት የማያውቁ ይመስሉ ነበር።

«ጥሩሰው፣ ይመታሽ ነበር?»

ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ሳብ አደረገች፤ መልሱ ያ ነበር። አባቴም ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው «አባቶቼ፣ ለድካማችሁ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ምሳ ቀርቧል፤ ሳትቀምሱ አትሄዱም። እህቴ ግን የትም አትሄድም» አሉ።

እንግዶቹ ከተሸኙ በኋላ እናቴ በጣሳ ውኃ ይዛ ከቤት ወጣች። እትዬ ጥሩሰው እስስቱን ከጌሾው መልሳው አጠገቡ ቆማ ነበር። እናቴ ጥቂት ካመነታች በኋላ፣ በከሰል ካውያ ልብስ ስትተኩስ እንደምታደርገው ከውኃው ተጎነጨችና አይቸኩል ላይ እፍ ብላ አርከፈከፈችበት። «ይለስልስለት» አለች። ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ቆሙ፤ የእናቴ እጅ የአክስቴን እጅ መቼ እንደያዘ አላየሁም። አይቸኩል ራሱን በቅርንጫፉ ላይ እየፈተገ ሲቆይ ቆዳው ከግንባሩ ተሰንጥቆ በረድፍ በረድፍ ይወርድ ጀመር፤ ከሥሩም አዲስ እንደበቀለ ጤፍ የለመለመ አረንጓዴ ወጣ። አክስቴ ሳቀች፤ እናቴም ሳቀች፤ ከዚያ ሁለቱም አለቀሱ፤ እኔ ግራ ገብቶኝ ሁለቱንም በየተራ አየሁ።

አይቸኩል በሚቀጥለው ክረምት አጥር ተሻግሮ ሄደ። እትዬ ጥሩሰው ግን ቀረች። ስፌት ተማረች፤ በገበያው መንገድ ዳር ትንሽ ሱቅ ከፍታ የሰፈሩን ልጆች ዩኒፎርም ስትሰፋ ኖረች፤ የሠርግ ልብሴን የሰፋችልኝም እሷ ናት። አባቴ ቀድመው አረፉ፤ እናቴ ተከተለች፤ አክስቴም ታማ ብዙ ሳትቆይ ሄደች። ቤቱ ተሸጠ፤ ማንጎው ተቆርጦ ግቢው ሲሚንቶ ተለብጧል፤ ባጃጅ ማሳደሪያ ሆኗል ብለውኛል፤ ገብቼ ማየት ግን አልወደድሁም።

አልፎ አልፎ ለጉዳይ ፍኖተ ሰላም ስሄድ ከመናኸሪያው ወርጄ በገበያው መንገድ በእግሬ አልፋለሁ። ሱቋ የሞባይል መሸጫ ሆኗል። አንዲት ፈገግታዋ የሚያምር ልጅ ከመስታወቱ ጀርባ ተነሥታ «ምን ልስጥዎት እናቴ?» ትለኛለች፤ ካርድ እገዛለሁ። እዚያ ከተማ ሁሉም ሰው በአንቱታ ነው የሚያነጋግረኝ፤ ያከብሩኛል፤ መንገድ ይለቁልኛል። እዚያ «አንቺ» የሚለኝ ሰው ግን አንድም አልቀረልኝም።