«ደህና ናት» ተብሎ የተጻፈባት ልጅ

ዘርፈሽዋልን ዴንቨር አጠገብ ባለችው ኦሮራ ከተማ የሚያውቋት ሁሉ ምላሷን ይፈሯታል። ጎረቤት ከተማ ሴንቴኒያል ባለው የአረጋውያን መጦሪያ ስትሠራ፣ የአንድ ሽማግሌ መድኃኒት ትንሽ ከዘገየ ነርሷን ቁም ስቅሏን ታሳያታለች። ታዲያ ይህች ሴት በገዛ ልጇ ጉዳይ ሁለት ዓመት አንገቷን ደፍታ ኖረች ቢባል ማን ያምናል?

ልጇ አቢጊያ ሰባት ዓመቷ ነው። ኦቲዝም አለባት፤ የምታውቃቸው ቃላት ከሃያ አይበልጡም። ትኩሳት ይመላለስባታል፤ በተነሣባት ቁጥር ጭንቅላቷን ከግድግዳ ጋር ታላትማለች። እናቷ መዳፏን በግንባሯና በግድግዳው መሃል እያስገባች ጣቶቿ በልዘዋል። ሐኪሙ ግን «የኦቲዝሙ ጠባይ ነው» ብሎ ይሸኛቸዋል።

መካሪ መቼ ይጠፋል! እትዬ ትርፌ፣ የቤተ ክርስቲያን ወዳጇ፣ አንድ ቅዳሜ በጣሳ ዱቄት ይዘው መጡ።

«ኦክሲዴቲቭ ስትረስ ነው የሚሉት፣ ልጄ። ሰውነቷ ከውስጥ ዝጓል ማለት ነው። ይሄ ዝገቱን ይጠርግና ኦቲዝሙንም ይዞት ይወጣል። ቲክቶክ ላይ ሰምቻለሁ።»

«እትዬ፣ በዚህ የዳነ ልጅ በዓይንዎ አይተዋል?»

«አላየሁም። ግን ምን ይጎዳል?»

«እንግዲያው የእኔ ልጅ መሞከሪያ አትሆንም» አለችና ጣሳውን መለሰችላቸው።

ቃሉ ግን ከጭንቅላቷ አልወጣም። በምሳ ሰዓቷ ስልኳ ላይ አነበበች። ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች በአንዳንዶቹ ላይ የሰውነት መከላከያ መዛባትና ያ ዝገት የሚሉት ነገር ታይቷል፤ የቱ የቱን እንደሚያመጣ ገና አልታወቀም፤ አጠፋዋለሁ የሚል ዱቄትም አልተረጋገጠም። አንዱ ዓረፍተ ነገር ግን ልቧን መታው። መናገር የማይችል ልጅ ሕመሙን በጠባዩ ይናገራል ይላል። ወዲያው ትኩሳቶቹን ቆጥራ ልታሳይ የልጇን ፋይል ከክሊኒኩ አስወጣች።

«እናት ልጅቷ ደህና መሆኗን ተናግራለች።» ገጹን ገለጠች። «ደህና ናት።» እንደገና ገለጠች። ሁለት ዓመት ሙሉ ደህና ናት!

«ማነው ይህን ያለው?» ብላ ጮኸች። ከዚያ ትዝ አላት። ሐኪሙ በር ከፍቶ «አቢጊያ እንዴት ናት?» ሲል አፏ ቀድሞ «ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ሰላምታ ነዋ! እኛ ዘንድ አልጋ ላይ የዋለም ሰው መጀመሪያ ያመሰግናል፤ ሕመሙ የሚወጣው ሁለቴ ሦስቴ ሲጠየቅ ነው። ሐኪሙ ግን የመጀመሪያውን ጽፎ ወደ ሌላው ያልፋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያለች ሽማግሌዎቹን የምትቆጣ ሴት! አፈረች፤ ቀጥሎም በራሷም በሐኪሙም ተናደደች።

ቀጠሮው ደረሰ።

«አቢጊያ እንዴት ናት?»

«ደህና አይደለችም።»

ሐኪሙ ከኮምፒውተሩ ቀና አለ። ዘርፈሽዋል የትኩሳቱን ቀኖች የመዘገበችበትን ደብተር ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። «በስድስት ወር አሥራ አንድ ጊዜ ትኩሳት። ጭንቅላቷን የምትመታው በእነዚህ ቀኖች ብቻ ነው። ኦቲዝሟ ግን በየቀኑ አለ። ጆሮዋን ይዩልኝ፤ ደሟንም ይመርምሩልኝ።»

«እንዲህ ያሉ ብዙ ልጆች እኮ...»

«እኔ የብዙ ልጆች እናት አይደለሁም፤ የእሷ ነኝ። አልመረምርም ካሉ ምክንያቱን ፋይሏ ላይ ይጻፉና ይፈርሙበት። እስኪፈርሙ ከዚህ ወንበር አልነሣም።»

ሰውየው አልፈረመም፤ መመርመሪያውን አነሣ። ጆሮዋ ውስጥ መግል ቋጥሯል። የደም ምርመራው ደግሞ ኢንፌክሽን የሚከላከሉላት አንቲቦዲዎች ማነሳቸውን አሳየ፤ ዴንቨር ወዳለች የበሽታ መከላከያ ስፔሻሊስት ተላከች።

«ሕክምናው ኦቲዝሟን አያጠፋውም» አለቻት ስፔሻሊስቷ።

«ማን አጥፉልኝ አለ? ሕመሟን ነው ያልኩት» አለች ዘርፈሽዋል።

ከሦስት ወር ሕክምና በኋላ፣ አንድ እሑድ፣ እትዬ ትርፌ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ አገኟት። «አቢጊያ ደህና ናት?»

የዘርፈሽዋል አፍ እንደ ልማዱ ሊቀድም ነበር፤ ያዘችው። ዞር ብላ ልጇን አየች። አቢጊያ በሩ ላይ የወለቀውን የምእመናን ጫማ ሁሉ ከትንሹ እስከ ትልቁ ደርድራ ጨርሳ፣ የጎደለውን የአንድ ዲያቆን አንድ እግር ጫማ እየፈለገች ነው። ግንባሯ ላይ አንድም ብልዝ የለም።

«ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለች።